ለትምህርት ምርምር ጆርናል ጽሑፍ አዘጋጅቶ መላክ፦ ከጆርናል መረጣ እስከ ኅትመት

እንድገመግም ከተላኩልኝ ጽሑፎች አንዱ ከአእምሮዬ አይወጣም። ጉዳዩ አንብቦ መረዳት ነበር። ገጽ 1 ስለ ትምህርት ጠቀሜታ ያወራል፣ ገጽ 2 ስለ ንባብ ጠቀሜታ፤ ከገጽ 3 እስከ 10 ደግሞ የንባብ ንድፈ ሐሳቦች ታሪክ ነው። የጥናቱን ጥያቄ ያገኘሁት ገጽ 11 ላይ ነው። ጥያቄው ግሩም ነበር፤ መረጃውም በጥንቃቄ የተሰበሰበ። አጥኚው ክፍል ውስጥ ወራት ተቀምጦ ያገኘው ነገር እንዲህ ተቀብሮ ሳየው አዘንኩ። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደዚያ ላለ ሰው ነው፦ ጥናቱን ለጨረሰ፣ መረጃውን ለያዘ፣ “አሁን እንዴት ላሳትመው?” ለሚል።

የመመረቂያ ጽሑፍና የጆርናል ጽሑፍ ሥራቸው ለየቅል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች ፊት ቀርቦ “ሙያውን አውቀዋለሁ” ይላል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ያነበበውን ሁሉ ያሳያል። የጆርናል አንባቢ ግን ሙያውን ያውቀዋል። ከእናንተ የሚጠብቀው እሱ የማያውቀውን አንድ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘትና ሳይደበዝዝ አንባቢው ዘንድ ለማድረስ ናቸው።

1. ጽሑፉ የሚለውን አንድ ነገር ለዩ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንዱ “እስካሁን የሚታወቀው ይህ ነው” የሚል፣ ሌላው “የእኔ ጥናት የሚጨምረው ይህን ነው” የሚል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አጥኚ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጎበዝ አንባቢና ደካማ አንባቢ አድርጎ አጣምሮ እንዲያነቡ አደረገ፣ ከዚያ አንብቦ የመረዳት ችሎታቸውን ለካ እንበል። “ጥንድ ንባብ አንብቦ መረዳትን ያሻሽላል” ብሎ ቢነሳ አርታኢው “ይህማ ይታወቃል” ይላል። “ቀደምት ጥናቶች ያተኮሩት ደካማው አንባቢ በሚያገኘው ጥቅም ላይ ነው፤ ይህ ጥናት ጎበዙ አንባቢ ምን እንደሚያገኝ ይመረምራል” ቢል ግን የሚነበብ ጽሑፍ ያዘ። መረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ ካቃታችሁ ገና የሚነበብ ነገር አለ ማለት ነውና ወደ ንባብ ተመለሱ። ከአንድ የመመረቂያ ጥናት ሁለት ጽሑፍ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ የየራሳቸው ጥያቄና የየራሳቸው መልስ ሲኖራቸው ብቻ ነው። አንዱን ግኝት ቆራርጦ በየጆርናሉ መበተን በአርታኢዎች ዘንድ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ከአንድ መረጃ የወጣ ሌላ ጽሑፍ ካላችሁ ለአርታኢው አስቀድማችሁ ንገሩት።

2. ጆርናሉን መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ምረጡ

ብዙ ሰው ጽፎ ይጨርስና “የት ልላከው?” ይላል። ልምዴ የሚነግረኝ ተቃራኒውን ነው። ጆርናሉ ሲታወቅ አንባቢው ይታወቃል፤ አንባቢው ሲታወቅ ምን ማብራራት፣ ምን መዝለል እንዳለባችሁ ይገባችኋል።

ፍለጋውን ከራሳችሁ የዋቢ ዝርዝር ጀምሩ። ደጋግማችሁ የጠቀሳችኋቸው ጽሑፎች በየትኞቹ ጆርናሎች ላይ ወጡ? እነዚያ ናቸው የእናንተ ጉዳይ የሚወራባቸው መድረኮች። ከዚያ የእያንዳንዱን ዓላማና ወሰን የሚገልጸውን ገጽ አንብቡ። የጆርናሎች ጠባይ በጣም ይለያያል። ለምሳሌ የአሜሪካ የትምህርት ምርምር ማኅበር ከሚያሳትማቸው መካከል “ሪቪው ኦፍ ኤጁኬሽናል ሪሰርች” ቀደምት ጥናቶችን የሚገመግሙ ጽሑፎችን ብቻ ያወጣል፤ ከመስክ የተሰበሰበ አዲስ መረጃ የያዘ ጥናት ቢላክለት፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ይመለሳል። “ቲቺንግ ኤንድ ቲቸር ኤጁኬሽን” መምህራንና የመምህራን ሥልጠና ላይ ያተኩራል። “ኮምፓራቲቭ ኤጁኬሽን ሪቪው” ደግሞ ንጽጽራዊና ዓለም አቀፍ ትምህርት ላይ ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዕትሞች ማውጫ ተመልከቱና ከእናንተ ጥናት ጋር የሚቀራረቡ ሦስት ወይም አራት ጽሑፎችን ሙሉ በሙሉ አንብቡ። አንድም የሚቀራረብ ካጣችሁ ቦታው የእናንተ አይደለም።

ቀጥሎ የጆርናሉን ታማኝነት አጣሩ። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው፣ የዓመታት ልፋታቸውን በሐሰተኛ ጆርናል ያቃጠሉ ወጣት ተመራማሪዎችን ስለማውቅ ነው። እዚያ የወጣን ጽሑፍ መልሶ ማስወጣት አስቸጋሪ ነው፤ ሌላ ጆርናልም አንዴ የታተመ ነገር አይቀበልም። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሳትጠይቁት “የተከበሩ ፕሮፌሰር” ብሎ በኢሜይል ይጋብዛችኋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገምግሞ ይታተማል ይላል፤ ክፍያውን የሚናገረው ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ስሙ ከታወቀ ጆርናል ጋር በአንድ ቃል ብቻ ይለያል፤ ከሂሳብ ትምህርት እስከ እንስሳት ሕክምና ሁሉንም ያሳትማል። “በስኮፐስ ተመዝግበናል” የሚል አርማ ድረ ገጹ ላይ መለጠፉን አትመኑ። ጆርናሎችን ወደሚመዘግቡት የመረጃ ቋቶች፣ ወደ ስኮፐስ፣ ወደ ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ወይም ወደ ክፍት ተደራሽ (ማንም በነጻ የሚያነባቸው) ጆርናሎች ማውጫው ዲኦኤጄ ራሳችሁ ገብታችሁ የጆርናሉን መለያ ቁጥር ፈልጉ። በትምህርት ዘርፍ ደግሞ ኤሪክ የተባለው የመረጃ ቋት አለ። “ቲንክ፣ ቼክ፣ ሰብሚት” በሚል ስም በ2015 የተጀመረው ዘመቻ ያዘጋጀው የጥያቄዎች ዝርዝርም ለዚሁ ማጣሪያ ይረዳል።

ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኝም። ብዙ የታወቁ ክፍት ተደራሽ ጆርናሎች የማሳተሚያ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ምንም የማያስከፍሉም ብዙ አሉ። ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን የሚቀንሱ ወይም የሚሰርዙ አሳታሚዎች ስላሉ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። ተቀባይነት ካገኛችሁ በኋላ ስትጠይቁ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ጆርናሎችን በቅደም ተከተል ያዙ፤ የምትልኩት ግን ለአንዱ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ለሁለት መላክ የተከለከለ ነው፤ ከታወቀም ከሁለቱም ያስወጣል።

3. የደራሲያን መመሪያውን አትሙና አስምሩበት

የቃላት ወሰኑ ስንት ነው? ዋቢዎችንና ሠንጠረዦችን ይጨምራል? የአጽሕሮተ ጥናቱ (የአብስትራክቱ) ርዝመትስ? የአጠቃቀስ ሥርዓቱ የትኛው ነው? ግምገማው ደራሲውም ገምጋሚውም የማይተዋወቁበት ነው ወይስ ሌላ? መረጃውን ለሌሎች ስለማካፈል መግለጫ ይፈለጋል? መልሶቹን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አኑሩ። 7,000 ቃላት ለሚቀበል ጆርናል 11,000 ቃላት መላክ ሳይነበብ የመመለሻ አጭሩ መንገድ ነው።

4. አጻጻፉ

እኔ የምመክረው ከመጀመሪያው ገጽ እንዳትጀምሩ ነው። የጥናቱን ዘዴ አስቀድሙ፤ የሠራችሁትን ስለምታውቁት አይከብድም። ከዚያ ግኝቱን፣ ከዚያ ውይይቱን፣ ከዚያ መግቢያውን፤ አጽሕሮተ ጥናቱንና ርዕሱን በመጨረሻ ጻፉ። መግቢያውን ቀድሞ የጻፈ ሰው ጥናቱ ያልመለሰውን ነገር ቃል ገብቶ ይገኛል።

*መግቢያና የቀደምት ጥናቶች ቅኝት።* ሦስት ነገር ይበቃል፦ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ እስካሁን ያልተመለሰው የትኛው ነው፣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ። የጥናቱ ጥያቄ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቢታይ ጥሩ ነው። ቅኝቱ ላይ የሚታየው ትልቁ ችግር ደራሲዎችን በሰልፍ ማቆም ነው፦

“እገሌ (2012) ጥንድ ንባብን አጥንቶ ጠቃሚ መሆኑን አገኘ። እገሊት (2015) በአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አጥንታ ለውጥ መኖሩን ገለጸች። እንቶኔ (2018) ደግሞ የንባብ ፍጥነትን አጠና።”

ሦስቱ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው ሳይነጋገሩ ወጡ። ስለ ሰዎቹ መጻፋችሁን ትታችሁ ስለ ሐሳቡ ስትጽፉ እንዲህ ይሆናል፦

“ጥንድ ንባብን የመረመሩ ጥናቶች በአመዛኙ የለኩት የደካማ አንባቢዎችን ለውጥ ነው (እገሌ፣ 2012፤ እገሊት፣ 2015)። ጎበዝ አንባቢዎችን ያካተተው ጥናት ደግሞ ያየው የንባብ ፍጥነትን እንጂ መረዳትን አይደለም (እንቶኔ፣ 2018)። ስለዚህ ጎበዙ አንባቢ ከመረዳት አንጻር ማግኘት አለማግኘቱ አልታወቀም።”

ክፍተቱ በራሱ ጊዜ ብቅ አለ። “በዚህ ርዕስ ላይ በዚህ አካባቢ የተሠራ ጥናት የለም” ማለት ግን ብቻውን አይበቃም። አካባቢው ልዩ የሚያደርገው ምን እንደሆነና ያ ልዩነት የምናውቀውን እንዴት እንደሚፈትን ንገሩን።

*የጥናቱ ዘዴ።* የትምህርት ጥናት ገምጋሚ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ነው፤ እናንተም አትቸኩሉ። ሌላ አጥኚ ጽሑፋችሁን ይዞ ጥናቱን መድገም መቻል አለበት። “ተማሪዎቹ ጥንድ ሆነው አነበቡ” በቂ አይደለም። በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ? ምን ዓይነት ጽሑፍ? ጥንዶቹን ማን፣ በምን መስፈርት አጣመረ? ያስተማረው ማን ነው፣ ምን ሥልጠና ወስዶ? የቁጥጥር ቡድኑ (ለንጽጽር የተያዘው፣ ጥንድ ሆኖ ያላነበበው) ተማሪዎች በዚያ ሰዓት ምን ይሠሩ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል፤ ካልተመለሰ ደግሞ ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል።

ክፍሎችን እንዳሉ ወስዳችሁ ከፊል ፍትነታዊ ጥናት ከሠራችሁ ይህን በግልጽ ጻፉት፤ ተማሪዎቹን በዕጣ የደለደላችሁ አታስመስሉ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች አንድ መምህር፣ አንድ ድባብ ስለሚጋሩ ውጤታቸው እርስ በርስ ይያያዛል፤ ስታቲስቲካዊ ትንተናው ይህን ከግምት ካላስገባ በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት ጉልህ መስሎ ሊታይ ይችላል። መጠይቅ ከተጠቀማችሁ የክሮንባክ አልፋውን (የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየውን ቁጥር) ከራሳችሁ መረጃ አስሉ፤ ሌላ ሰው ሌላ አገር ያገኘውን ብቻ መጥቀስ አይበቃም። መጠይቁ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነም ትርጉሙ እንዴት እንደተረጋገጠ አስረዱ፦ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መነሻ ቋንቋው ተርጉሞት ተነጻጽሯል? በጥቂት ተማሪዎች ላይ ተሞክሯል?

ዓይነታዊ ጥናት (በቁጥር ሳይሆን በቃለ መጠይቅና በምልከታ የሚሠራ) ከሆነ “መረጃው በጭብጥ ተተነተነ” ብሎ ማለፍ አያዋጣም። ኮዶቹ (ለመረጃው ክፍሎች የሰጣችኋቸው መለያዎች) እንዴት እንደወጡ፣ ወደ ጭብጥ እንዴት እንዳደጉ፣ የማይስማማ መረጃ ሲገጥማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ አሳዩ። እናንተስ ለተጠኚዎቹ ማን ነበራችሁ? ርእሰ መምህር ሆኖ የራሱን መምህራን ቃለ መጠይቅ ያደረገ አጥኚ የሚሰማው ነገር ከውጭ የመጣ ሰው ከሚሰማው ይለያል። ይህን መጻፍ ጥናቱን አያሳንሰውም፤ ገምጋሚው ራሱ ከሚያነሳው እናንተ ቀድማችሁ ብታነሱት ይሻላል።

ሥነ ምግባርን በተመለከተ፣ ተጠኚዎቹ ልጆች ከሆኑ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ራሳቸውም በሚገባቸው ቋንቋ ተነግሯቸው መስማማት አለባቸው። የፈቃዱን ሰነድ ቁጥር ያዙ፤ ሲላክ ይጠየቃል።

የአሜሪካ የትምህርት ምርምር ማኅበር በ2006 ያወጣው በመረጃ ላይ የተመሠረቱ ጥናቶች የአዘጋገብ መስፈርት ለዚህ ክፍል ጥሩ መፈተሻ ነው። ሥርዓታዊ የጥናቶች ግምገማ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ የዚህ ዓይነት ግምገማ የአዘጋገብ መመሪያ የሆነውን የፕሪዝማ 2020ን 27 ነጥቦች አንድ በአንድ እያያችሁ ሙሉ።

*ግኝት።* ለማሳያ ያህል ቁጥር ፈጥሬ ላስቀምጥ። “በሠንጠረዥ 2 እንደሚታየው ፒ ዋጋው 0.03 በመሆኑ በቡድኖቹ መካከል ጉልህ ልዩነት አለ” የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ልጆቹ ምንም አይነግረንም። “ጥንድ ሆነው ያነበቡት ከ20 በአማካይ 13.4፣ ለብቻቸው ያነበቡት 11.9 አገኙ” ሲባል ግን መምህሩም ይገባዋል። ከዚያ የተፅዕኖውን መጠን (ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚለካውን)፣ የስታቲስቲክሱን ውጤትና ፒ ዋጋውን አስከትሉ። በተለምዶ 0.2 አነስተኛ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ከፍተኛ የሚባለው የኮኸን መለኪያ ጥቅል መመሪያ ነው፤ ለክፍል ውስጥ ሥራ “አነስተኛ” የተባለው ትልቅ ቁምነገር ሊሆን ስለሚችል ከተመሳሳይ ጥናቶች ጋር አነጻጽሩት። ሠንጠረዡ የያዘውን ሁሉ በጽሑፍ አትድገሙ። የተጠኚዎችን ቃል ስትጠቅሱም ከጥቅሱ በፊት ወይም በኋላ ምን እንደሚያሳይ ተናገሩ፤ ጥቅስ ብቻውን ትንተና አይሆንም።

*ውይይት።* በመጀመሪያው አንቀጽ የጥናቱን ጥያቄ መልሱ። ከዚያ ከቀደምት ጥናቶች ጋር የሚስማማበትንና የሚለይበትን፣ በተለይ ለምን እንደሚለይ አስረዱ። ምክረ ሐሳብ ላይ ልክ ይኑራችሁ። ከሁለት ክፍል ተማሪዎች ተነስቶ “ሥርዓተ ትምህርቱ ይከለስ” ማለት ጽሑፉን ያቀለዋል። መረጃው የሚሸከመውን ያህል ብቻ ተናገሩ፦ “ጥንድ ንባብን የሚሞክር መምህር ጎበዙን አንባቢ የሚያነሳሳ ጥያቄ ቢያዘጋጅለት” ማለት ትንሽ ቢመስልም ይታመናል። የጥናቱን ውስንነት ስትጽፉም “ጊዜና ገንዘብ አነሰን” አትበሉ፤ ውስንነቱ ግኝቱን ወደ የት ሊያዛባው እንደሚችል ግለጹ።

*አጽሕሮተ ጥናትና ርዕስ።* ከጽሑፋችሁ በብዛት የሚነበበው ይህ ነው። አርታኢው ገምጋሚ የሚጋብዘው አጽሕሮቱን ልኮ ነው፤ ብዙ አንባቢም ከዚያ አያልፍም። አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃላት ይፈቀዳል። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዓላማውን በአንድ፣ ማን እንዴት እንደተጠና በሁለት ወይም በሦስት፣ ዋናውን ግኝት በሁለት ወይም በሦስት፣ ፋይዳውን በአንድ ጻፉ። “ግኝቶቹ ተተንትነው ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አውጡትና በቦታው ግኝቱን ራሱን አስገቡ። ርዕሱ ውስጥ ሰዎች ሲፈልጉ የሚጽፏቸው ቃላት ይኑሩ። ቁልፍ ቃላቱ ደግሞ ርዕሱ ውስጥ ያልገቡትን ይያዙ።

5. ዋቢዎች

በትምህርት ጆርናሎች በብዛት የምታገኙት የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበርን (የኤፒኤን) የአጠቃቀስ ሥርዓት ነው፤ 7ኛው ዕትም በ2019 ወጥቷል። ከ6ኛው የተለወጡት ጥቂት ነገሮች አሁንም ሰው ያሳስታሉ። ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንደኛው ስም ተጽፎ “እና ሌሎች” ይባላል። በዋቢ ዝርዝሩ ግን እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉም ይዘረዘራሉ። የመጽሐፍ አሳታሚ ከተማ መጻፍ ቀርቷል። ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) በሙሉ አገናኝ መልክ ይቀመጣል።

ዋቢ የሚያደራጁትን ዞቴሮን ወይም ሜንዴሌይን ብትጠቀሙም መጨረሻ ላይ በእጅ አመሳክሩ፦ ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ አለ? ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠቅሷል? እያንዳንዱንም ዲኦአይ ከፍታችሁ እዩ። ጽሑፍ የሚያመነጩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የሌለ ዋቢ ፈጥረው ማቅረባቸው የታወቀ ነው፤ አንድ የሌለ ዋቢ ያገኘ ገምጋሚ ቀሪውንም አያምንም። የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ኮፕ እነዚህ መሣሪያዎች ደራሲ ተብለው ሊጠሩ እንደማይችሉ አቋሙን ገልጿል። ከተጠቀማችሁባቸው የጆርናሉ ደንብ በሚለው መሠረት አስታውቁ።

6. ደራሲው ማን ነው?

ይህ ጉዳይ ወዳጅነት ያፈርሳልና አስቀድማችሁ ጨርሱት። አብዛኞቹ ደንቦች ደራሲ የሚሉት በጥናቱ ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ያደረገን፣ ረቂቁን የጻፈን ወይም በይዘቱ ላይ በትችት የሠራን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀንና ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን የተስማማን ሰው ነው። መጠይቅ የበተነ ወይም ቢሮ የፈቀደ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ደራሲ አይሆንም። አማካሪያችሁም ደራሲ የሚሆነው በሥራው እንጂ በሹመቱ አይደለም። የየአንዳንዱን ድርሻ 14 የሥራ ዓይነቶች ባሉት ክሬዲት በተባለው አከፋፈል እንድትገልጹ የሚጠይቁ ጆርናሎች አሉ። ቅደም ተከተሉን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ኢሜይል ይበቃል።

ተመራማሪን ከሌላው የሚለየውን፣ ባለ 16 አኃዝ የሆነውን የኦርኪድ መለያ በነጻ አውጡ። ስማችሁን በላቲን ፊደል የምትጽፉበትም መንገድ አንድ ይሁን። በአንዱ ጽሑፍ በአንድ አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ ከወጣችሁ የመረጃ ቋቶቹ ሁለት ሰው ያደርጓችኋል።

7. ማንነታችሁን ከጽሑፉ አውጡ

ገምጋሚው ደራሲውን እንዳያውቅ በሚደረግበት ግምገማ ሁለት ፋይል ይዘጋጃል። አንዱ ስም፣ ተቋም፣ አድራሻና ምስጋና የያዘ የርዕስ ገጽ ሲሆን ሌላው ስም አልባው ጽሑፍ ነው። ማንነትን መደበቅ ሽፋኑ ላይ አይቆምም። “ቀደም ሲል ባጠናነው (እገሌ፣ 2020)” የሚለው ዓረፍተ ነገር ይናገርባችኋል። የሥነ ምግባር ፈቃዱን የሰጠው ተቋም ስም ይናገራል። አባሪ መጠይቁ አናት ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲ አርማም እንዲሁ። በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ የተቀመጠውን የጸሐፊ ስም፣ የተደበቁ የእርማት ምልክቶችን፣ የፋይሉን ስም ሳይቀር አጽዱ። አማካሪው ከዳር የጻፈው አስተያየት ሳይጠፋ የተላከ ፋይል ደርሶኝ ያውቃል፤ አንብቤው ለጸሐፊው ተሳቀቅሁለት።

8. መሸኛ ደብዳቤ

ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ለምሳሌ፦

“ክቡር አርታኢ፣ ‘ጎበዝ አንባቢዎች ከጥንድ ንባብ ምን ያገኛሉ?’ የተሰኘውን ጽሑፋችንን ለግምገማ አቅርበናል። ጆርናላችሁ ስለ ጥንድ ንባብ ባወጣቸው ጥናቶች ትኩረት ያገኙት ደካማ አንባቢዎች ናቸው፤ እኛ ሌላኛውን ወገን ተመልክተናል። ጽሑፉ ከዚህ በፊት አልታተመም፤ በሌላ ጆርናልም በግምገማ ላይ አይደለም። ሁሉም ደራሲዎች አጽድቀውታል፤ የጥቅም ግጭትም የለንም።”

አጽሕሮቱን እዚህ አትገልብጡ። ስለ ጥናቱ ታላቅነትም አትመስክሩ።

9. መላክ

ስኮላርዋን፣ ኤዲቶሪያል ማኔጀር ወይም ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ከሚባሉት የጽሑፍ መላኪያ ሥርዓቶች አንዱ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ አካሄዳቸው ይመሳሰላል። መለያ ከፍታችሁ የጽሑፉን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ አጽሕሮቱን ትለጥፋላችሁ፣ ደራሲዎችን በቅደም ተከተል ታስገባላችሁ፣ ፋይሎቹን ትጭናላችሁ። ገምጋሚ ጠቁሙ ከተባላችሁ አብሯችሁ የሠራ ወይም የአንድ ተቋም ባልደረባ አትጠቁሙ። ሥርዓቱ የሚያዘጋጀውን ፒዲኤፍ ከማጽደቃችሁ በፊት ገጽ በገጽ እዩት፤ ሠንጠረዥ የሚሰበረውና ፊደል ወደ ሳጥን የሚለወጠው እዚህ ነው። የጽሑፉን መለያ ቁጥር መዝግቡ።

10. ውሳኔውና ምላሹ

አንዳንዱ ጽሑፍ ለገምጋሚ ሳይደርስ ከአርታኢው ጠረጴዛ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከጆርናሉ ወሰን ውጭ ስለሆነ ነው። ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች ያዩታል፤ ወራት ይወስዳል። ጆርናሉ ያስታወቀው ጊዜ ካለፈ የጽሑፉን ቁጥር ጠቅሳችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ነውር የለውም።

“ከፍተኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል” የሚል ደብዳቤ ሲደርስ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እባካችሁ አትተዉት! አርታኢው በሩን አልዘጋም፤ ሥራችሁን እንደገና ለማየት ፈቅዷል። ደብዳቤውን አንብባችሁ አስቀምጡት፤ ሁለት ቀን አሳድሩት። ከዚያ እያንዳንዱን አስተያየት ነጥሎ የሚያስቀምጥ ሰነድ አዘጋጁና ከየሥሩ ምላሻችሁን፣ የለወጣችሁትን፣ ገጹንና መስመሩን ጻፉ፦

“ገምጋሚ 2፣ አስተያየት 3፦ የሁለቱ ቡድኖች መምህራን የተለያዩ ከሆኑ ልዩነቱ ከመምህሩ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ምላሽ፦ ተገቢ ነጥብ ነው፤ እናመሰግናለን። ሁለቱንም ቡድኖች ያስተማረችው አንዲት መምህርት ናት፤ ይህን በመጀመሪያው ረቂቅ አልገለጽንም ነበር። አሁን ገጽ 9፣ ከመስመር 14 እስከ 19 ጨምረናል። አንዲት መምህርት ሁለቱንም ማስተማሯ ለአንዱ ዘዴ እንድታደላ ሊያደርጋት ስለሚችልም በውስንነቱ ክፍል ገጽ 18 ላይ አንስተነዋል።”

ምላሹ ገምጋሚው ካነሳው አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል፤ እንዲህ ያለ ምላሽ አመኔታ ይገነባል። በአስተያየቱ የማትስማሙ ከሆነም ምክንያታችሁን በመረጃ አስረዱ፤ ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም። ሳትመልሱ መዝለል ግን አይቻልም። ገምጋሚው የተጻፈውን በተሳሳተ መንገድ ከተረዳው ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉት፤ እሱን ያሳሳተ ሌላውንም ያሳስታል።

ውድቅ ከሆነ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ተጠቅማችሁ አሻሽሉና በዝርዝራችሁ ላይ ለሁለተኛው ጆርናል፣ በእሱ መመሪያ አስተካክላችሁ ላኩ። ሳታሻሽሉ መላክ አደጋ አለው፤ በአንድ ጠባብ ዘርፍ ውስጥ ያው ገምጋሚ ሊደርሰው ይችላል።

11. ከተቀባይነት በኋላ

የኅትመት ማረጋገጫ ቅጂ ይላክላችኋል፤ የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። ስሞችን፣ የሠንጠረዥ ቁጥሮችንና የዋቢዎችን ዓመት አረጋግጡ፤ ሐሳብ የሚለወጥበት ጊዜ ግን አልፏል። የቅጂ መብት ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ በተቋማችሁ የመረጃ ቋት ማስቀመጥ የሚፈቀድላችሁ መቼ እንደሆነ ቀድሞ ሼርፓ ሮሜዮ ይባል በነበረው፣ አሁን ኦፕን ፖሊሲ ፋይንደር በተባለው መፈለጊያ ማየት ትችላላችሁ።

ከዚያ የጽሑፉን ዋና ግኝት በአንድ ገጽ፣ ያለ ስታቲስቲክስ፣ መምህራን በሚያነቡት ቋንቋ ጻፉና መረጃ ለሰጧችሁ ትምህርት ቤቶች ውሰዱላቸው። ክፍላቸውን ከፍተው ወራት ያስቀመጧችሁ እነሱ ናቸው።